አራት ጣት ከኮርቻው በታች

ዑቅባይ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን አልነበረም፤ ጉልበቱን ነበር። ቀጥሎ ጭኑን፣ ከዚያ የክንዱን ርዝመት ያያል። ስሙን የሚጠይቀው በመጨረሻ ነው። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሙሽራው ሲገባ ሰዉ ሁሉ እልል ሲል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «የዚህ ልጅ እጅ አጭር ነው። የወንድሙን ብስክሌት ካወረሱት ወገቡን ይጨርሱታል» አለኝ። ሙሽሪትን ማየቱንም እንጃ።

ሱቁ አስመራ ጎዳይፍ ውስጥ፣ ከእህል ወፍጮው ቀጥሎ ነበር። ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ጎማ የሚለጥፍ፣ ካቴና የሚቀይር በየሰፈሩ ሞልቷል። ወደ ዑቅባይ የሚመጣው ሩቅ የሚነዳና ሲነዳ የሚያመው ሰው ነው። የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ብስክሌቱን ሁለት ግንድ ላይ ይሰቅለውና ሰውየውን ላዩ ላይ ያወጣዋል። ጫማ ያስወልቀዋል። ተረከዙን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ወደ ታች ሲገፋ ጉልበቱ ልክ መዘርጋቱን ያያል። ከዚያ የግንበኛ ቱንቢውን ያወጣና ከጉልበቱ ሎሚ ላይ ይለቀዋል፤ ክሩ በፔዳሉ መሐል ካላለፈ ኮርቻውን ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እኔም እችለዋለሁ። የእሱ ሙያ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። «በል ንዳ» ይለውና ሰውየውን ባለበት ግማሽ ሰዓት ያስነዳዋል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያነሳ ያወራዋል። ሰውየው ወሬው ሲጥመውና ራሱን ሲረሳ፣ ዑቅባይ እጁን ያያል። ስንት ጊዜ ከመሪው ላይ አንስቶ አራገፈው? ትከሻው መቼ ወደ ጆሮው ወጣ? ይህን ከጨረሰ በኋላ ነው ቁልፍ የሚያነሳው። ብሎን ሲያጠብቅ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግሩት ጣቶቹ ናቸው።

መምህር ኪዳነ የሚባል ሰው ነበር። በየሳምንቱ ዓርብ ከሥራ በኋላ እናቱን ሊያይ ደቀመሓሬ ድረስ የሚነዳ። መጀመሪያ የመጣ ቀን እኔም በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«መሪውን ዝቅ አድርግልኝ አያ ዑቅባይ» አለ። «እንደ ተወዳዳሪዎቹ።»

«ለማን ነው የምትነዳው?»

«ለራሴ ነዋ።»

«እንግዲያው ራስህን ልጠይቀው። ሁለት ሰዓት ከነዳህ በኋላ መጀመሪያ የሚያምህ የት ነው?»

«አንገቴን። እጄም ትንሽ ይደነዝዘኛል።»

«የትኛው ጣት?»

«ትንሿና የቀለበቷ።»

«አንገትህ ታሟል፣ ጣትህ እየሞተ ነው፣ አንተ ደግሞ ፎቶ ልትነሳ መጥተሃል» አለው ዑቅባይ፤ መሪውንም ዝቅ በማድረግ ፋንታ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። መምህሩ ፊቱ እንደጠቆረ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ዘለላ ሙዝ ይዞ ተመለሰና «አያ ዑቅባይ፣ ደቀመሓሬን ማን ነው ያቀረባት?» አለ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ የራሱ ብስክሌት ላይ ሲወጣ እንደኛ ደደብ የሚሆነው።

እኛ የምለው ስምንት ሽማግሌዎችን ነው። እኔ ሃይላብ እባላለሁ፤ በክብሪት ፋብሪካ መካኒክ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከዑቅባይ ጋር በጉርምስናችን ለአንድ ክለብ ተወዳድረናል። አንዳችንም ይህ ነው የሚባል ዋንጫ አላገኘንም፤ ቢሆንም ማሊያችንን ሳናወልቅ ዕድሜያችን ስልሳን አለፈ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደቀመሓሬ ደርሰን እንመለሳለን። ከዚያ አስመራ ዋናው ጎዳና ላይ ያለው ካፌ ግድግዳ ላይ ብስክሌቶቻችንን በተርታ አስደግፈን ሻይ እንጠጣለን። የካፌው ነገር ከመንገዱ ይበልጥብን ነበር ብል አልዋሸሁም። ያለፈ ያገደመ ሁሉ ብስክሌቶቹን ያያል፤ እኛም እናያለን። መሪው ከኮርቻው አራት ጣት ዝቅ ማለት አለበት። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ በሃያ ዓመታችን ያደረግነውን በስልሳችንም ይዘነው ቀረን። አራቱን ጣት ያጎደለ ሰው የገበያ ሴቶች ብስክሌት ላይ እንደወጣ ይቆጠራል፤ ወዲያውም «ቅርጫት እንግዛልህ ወይ?» ይባላል። ሽንኩርት መያዣውን ከፊት የሚሰቀለውን ማለታችን ነው።

ዑቅባይ ስልሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው ጣቶቹ መደንዘዝ የጀመሩት። ትንሿና የቀለበቷ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን መንገድ ላይ እጁን ሲያራግፍ አየዋለሁ። አንገቱ ከርሮ፣ ሆዱ ወጣ ብሎ፣ በሃያ ዓመት ልጅ ልክ የተቀመጠ መሪ ላይ መደፋት ምን እንደሚያደርግ በከተማው ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከዚህ ስንቱን ሰው አድኗል። የእኛ ብስክሌቶች ደግሞ የድሮ ብረት ናቸው፤ የመሪው አንገት ላይ ያለውን ብሎን ፈታ አድርገው በእንጨት መዶሻ ኳ ሲያደርጉት መሪው ይለቃል። ከፍ ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በጥር ወር አንድ እሁድ አደረገው። ሲመጣ ሳየው የሆነ ነገር ተለውጧል፤ ቀና ብሎ ነው የሚነዳው። መሪው ከኮርቻው እኩል ሆኗል። መንገድ ላይ ማንም አላነሳበትም። ደቀመሓሬ እስክንደርስ ከፊት ሆኖ ወሬ ሲያወራ፣ የድሮ ዘፈን ሲያንጎራጉር ነበር። ስንመለስ ዳገቱ ላይ እንኳ እጁን አንዴም አላራገፈም። ደስ ብሎት ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ካፌው ደረስንና ብስክሌቶቻችንን አስደገፍን። የእሱ ከስምንቱ መሐል አንገቱን አስግጎ ቆመ። እኔም ዝም ማለት አቃተኝ። ወንበሬ ላይ ተደግፌ አስተናጋጇን ልጅ ጠራኋትና «ለአያ ዑቅባይ ቅርጫት አምጪለት፣ ቲማቲም ሊገዛ ነው» አልኩ። ካፌው ሳቀ። ዑቅባይም ፈገግ አለ፤ «ቲማቲሙን ላንተም አመጣልሃለሁ» አለና ሻዩን ጠጣ። በዚያው አለፈ። ወይም ያለፈ መሰለኝ።

በሚቀጥለው እሁድ መሪው ወርዷል። አራት ጣት ሳይሆን አምስት። እኔ ሞኙ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ «አሁን ዑቅባይ መጣ!» አልኩት።

በግንቦት የማርያም ዳዕሪት በዓል ከረን ላይ፣ ትልቅ ዛፍ ግንድ ውስጥ ባለው የማርያም ጸሎት ቤት ይውላል። ግንቦት ሃያ ወርደን፣ እዚያ አድረን፣ በሃያ አንድ በዓሉን አክብረን በማግስቱ እንመለሳለን። ሌላው ሕዝብ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው፤ እኛ ግን ስእለት ያለብን ይመስል ከሠላሳ ዓመት በላይ በብስክሌት ነበር የምንወርደው። ዘጠና ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ደግሞ ለእግር እረፍት ይሁን እንጂ ለእጅ መከራ ነው። ሰውነት በሙሉ ወደፊት ይደፋና መዳፍ ላይ ይጫናል፤ ጣት ከፍሬን አይነሳም። ዓዲ ተከሌዛን ላይ ዑቅባይ ቆመ። መዳፎቹን ሱሪው ላይ ይፈትጋል።

«ምነው?» አልኩት።

«ቀዘቀዘኝ።»

ኤላበርዕድ ደረስን። እዚያ ሁሌም ብርቱካን እንገዛለን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ማሊያችን ጀርባችን ላይ ተጣብቋል። ዑቅባይ ብርቱካኑን ያዘና ሊልጠው ሞከረ። ጥፍሩ ልጣጩ ላይ ይንሸራተታል። አንዴ ሞከረ፣ ሁለቴ ሞከረ፣ ብርቱካኑ ከእጁ ወድቆ እየተንከባለለ ቦይ ውስጥ ገባ። ሌላ አንስቼ ልጬ ሰጠሁት። በሁለት መዳፉ መሐል ይዞ በላው፤ ጭማቂው በክንዱ ላይ ሲወርድ አላወቀውም።

«አሁንም ብርድ ነው?» አልኩት።

«ዝም ብለህ ብላ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ እንዲመለስ ለመንኩት። ብስክሌቱን ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እናስረው አልኩት። እንቢ አለ። ቢያንስ መሪውን እዚሁ ከፍ እናድርገው ማለት ነበረብኝ፤ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላልኩም። ያን ጊዜ ያን ማለት ጥር ላይ ያልኩትን መልሶ መዋጥ ነበረና አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዑቅባይ ማርያም ፊት ከትልቁ ዛፍ ሥር ብዙ ተንበርክኮ ቆየ። በማግስቱ ዘጠናውን ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነዳነው።

ጣቶቹ ከዚያ መንገድ አልተመለሱም።

መጀመሪያ ሳምንት ይፈጃል አልን፤ ከዚያ ወር። ሐኪም አየው። የእጅ አንጓው ላይ ያለው ነርቭም፣ አንገቱም ተጎድቷል፤ ይህ የአንድ ቀን አይደለም፣ የዓመታት ነው አለው። ሲጀምርህ ብትመጣ ኖሮ የእጅህን አቀማመጥ ማስተካከል ብቻ ይበቃህ ነበርም አለው። ዑቅባይ ይህን ሲነግረኝ በመገረም ነበር፤ «አስበው፣ ለኔ!» አለኝ። ክረምቱ ሲገባ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ያለው ሥጋ ጎደጎደ። ቱንቢውን ሊያስር ክሩ ይጠፋበታል። ብሎን ሲወድቅበት የሚያውቀው ሲሚንቶው ላይ ድምፁን ሲሰማ ነው።

ቢሆንም ሱቁን አልዘጋም ነበር። የዘጋው በመምህር ኪዳነ ምክንያት ነው። መምህሩ ኮርቻ አስቀይሮ ሄደ፤ ዑቅባይ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ አጥብቆለታል። ጣቱ ግን ጠበቀ ያለው ብሎን አልጠበቀም። ደቀመሓሬ መውረጃ ላይ ኮርቻው ወደኋላ ዞረና መምህሩ ጠጠር ላይ ተነጠፈ። አገጩ ተሰፋ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ «ጉድጓድ ነው የጣለኝ» ብሎ ሊሸፍንለት ሞከረ። ዑቅባይ ብስክሌቱን አስመጥቶ ኮርቻውን በክርኑ ወዘወዘውና ገባው። በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት በሩን ቆለፈ። የመቆለፊያውን ቁልፍ ያዞርኩለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ እቤቱ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አጣሁትና ባለቤቱ ስላስ አስቀመጠችኝ። ስላስ ነገር አታሳምርም። ገና ሳልረጋጋ ጀመረችኝ።

«አያ ሃይላብ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በጥር አንድ እሁድ፣ ደስ ብሎት የሄደ ቀን፣ ምን ሆኖ ነው የመጣው?»

«ምን ሆነ?»

«ምሳ አቅርቤ፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ወደ ሱቅ ልሂድ አለኝ። እሁድ ምን ረሳህ? ስለው፣ ቅርጫት አለኝ። የምን ቅርጫት? ስለው በሩን ዘግቶ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ምሳው በረዶ ሆኗል።»

የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም፤ ያም ሆኖ አልነገርኳትም። እሷም ሳይገባት አልቀረም፤ ቀጥላ አልጠየቀችኝም፣ ግን ሁለተኛ ሻይም አልቀዳችልኝም።

አሁን ይህን የምጽፍበትን ምክንያት ልናገር። የኔም ጣቶች ደንዝዘው ነበር። ትንሿና የቀለበቷ። ዑቅባይ መሪውን ከፍ ከማድረጉ ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ። ካፌው ውስጥ ሻይ ስጠጣ ብርጭቆውን በሦስት ጣት የምይዘው ለአራዳነት አልነበረም። ያን እሁድ እሱ ከፊቴ እየዘፈነ ሲነዳ፣ እኔ ከኋላው እጄን ሳራግፍ፣ ቀናሁበት። እኔ ያልደፈርኩትን እሱ ደፍሮ ነበርና ማሳፈር ፈለግሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ከስላስ ጋር ከተነጋገርን በሁለተኛው ሳምንት ብስክሌቴን እየገፋሁ ሄድኩና «ሱቁን ክፈትልኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ጣቴ ደንዝዟል።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ። ነገርኩት። ቁልፉን ከኪሱ በመዳፉ ገፍቶ አወጣና ሰጠኝ።

ሱቁ አቧራ አቧራ ይሸታል። ብስክሌቱን ግንዶቹ ላይ ሰቀልኩትና ወጣሁ። ጫማዬን አስወለቀኝ። ቱንቢውን ራሴ ያዝኩት፣ እሱ ክሩን በዓይኑ አየ። «ኮርቻህ ደህና ነው፣ አትንካው» አለ። «በል ንዳ።» ነዳሁ። ስለ ጋይም ልጅ ሰርግ አወራኝ፤ ጋይም ከስምንታችን ታላቁ ነው። ስለ ወፍጮው ጫጫታ አወራኝ። ዘዴውን አርባ ዓመት እያየሁት፣ እንደማንም ሰው ወሬው ውስጥ ገባሁና ረሳሁት።

«ስድስት ጊዜ» አለ በመጨረሻ። «ስድስት ጊዜ አራገፍከው። ውረድ።»

ብሎኑን ፈታሁ፣ በእንጨት መዶሻው ኳ አደረግሁት፣ መሪው ለቀቀ። ከፍ አለ። «ትንሽ» አለኝ። «አሁንም ትንሽ። አትፍራ።» ከኮርቻው እኩል ሲሆን «በቃ» አለ። አጠበቅሁት። የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ የነገረኝ የፊቴን ጡንቻ እያየ ነው።

በእሁዱ ደቀመሓሬ ደርሼ መጣሁ። ምን ልበል፤ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነድቼ ጣቶቼ አብረውኝ ነበሩ። ካፌው ግድግዳ ላይ ብስክሌቱን ሁሉም እንዲያየው ከፊት አቆምኩትና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። ቅርጫቱን እንዲያመጡልኝ ፈልጌ ነበር። ጋይም አየው፣ እኔን አየኝ፣ «እኔም ላስደርገው ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ወገቤን ገደለኝ» አለና ስኳር እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

ከካፌው በቀጥታ ወደ ዑቅባይ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ካፌው ጋ አቆምከው?» አለኝ።

«አቆምኩት።»

«እነማን ነበሩ?»

«ሁሉም።»

«ሳቁ?»

«አንድም ሰው አልሳቀም።»

ራሱን ነቀነቀ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ተዘርግተዋል።

«ያን ቀንም አልሳቁም» አለ።

«እነማን?»

«እነሱ። ጋይም ሻዩን እያማሰለ ነበር፣ ቀናም አላለ። ልጅቷ የምር መስሏት ቅርጫት የለንም አለችህ። የሳቅከው አንተ ብቻ ነህ።»

ለማስታወስ ሞከርኩ። ያን እሁድ ባሰብኩ ቁጥር የምሰማው ሳቅ የካፌው ሳቅ ነበር። ቀስ ብዬ ሳዳምጠው የኔ ብቻ ሆነ።

«ታዲያ ለአንድ ሰው ብለህ ነው ዝቅ ያደረግከው?» አልኩት።

«ለአንድ ሰውማ ማን ዝቅ ያደርጋል» አለ። «አንተ ስለሆንክ ነው እንጂ።»

ብስክሌቴን ወደ እሱ እንዳቀርበው በአገጩ አሳየኝ።

«ከበሩ ኋላ ሞረድ አለ። የመሪው አንገት ላይ፣ አሁን ያለበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግበት። አንድ ቀን አብደህ እንዳታወርደው።»

ሞረዱን አመጣሁና ብረቱን ዙሪያውን ሞረድኩት። ስጨርስ እንደ ድሮው ጥልቀቱን ሊያውቅ አውራ ጣቱን ዘርግቶ መስመሩ ላይ አስኬደው። አንዴ አስኬደው፣ መልሶም አስኬደው፣ ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«ገብቷል?» አለኝ።

«ገብቷል» አልኩት።